በሳን ሆሴ አዳራሽ የተፎከረ ቃል

ነፍሱን ይማረውና፣ ደምመላሽ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ከኦክላንድ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል፤ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ይቆማል። ይህ ሰው በ2012 ኦክቶበር፣ ሳን ሆሴ በተደረገ ሠርግ ላይ ተነስቶ ሲፎክር፣ አንድ ልጁ ሰገነት በኀፍረት አንገቷን ደፋች።

ጠጅ እየተቀዳ ወንዶቹ ተራ በተራ ይነሱ ነበር። በመካከላቸው ሻምበል ዓባይነህ ጠጁን ሳይነኩ ተቀምጠዋል። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ደማቸውን የሚያጥበው ማሽን ነው። ደምመላሽ በጦር ሜዳ ወታደራቸው ነበር፤ አሜሪካ ሲገባም ቤታቸው ያስጠጉት እሳቸው ናቸው። አንዱ ተነስቶ ኩላሊቴን እሰጣለሁ አለ። ሌላው ሁለቱንም ብሎ አሳቀ። በመጨረሻ ደምመላሽ ኮቱን አውልቆ ወረወረ።

«ዘራፍ፣ የሻምበል አሽከር! እኔ ቆሜ እየሄድኩ ሻምበል ከማሽን አይታሰርም!»

ሰገነት በዚያ ሰሞን ኮሌጅ ውስጥ የጥንት እንግሊዞችን የጀግና ግጥም ትማር ነበር። እነዚያም በአለቃቸው አዳራሽ የማር መጠጥ እየጠጡ ይፎክራሉ። ተማሪው ጉራ ነው ብሎ ሲስቅ፣ መምህሯ ፉከራው የቃል ማሰሪያ ነው አለች፤ አለቃቸው በተጠቃ ቀን ሸሽቶ ጫካ የገባውና ከጎኑ የቆመው የሚለየው በዚያ ነው። ሰገነት ይህን ለአባቷ ስትነግረው «ጠጅ ነበራቸው?» ብሎ ብቻ ጠየቃት።

ሠርጉ አለፈ። ከፎከሩት አንዱ ደም ብዛት አለብኝ አለ፤ አንዱ ሥራው አልፈቀደለትም፤ አንዱ ስልክ ማንሳት ተወ። ሆስፒታል ሄዶ የተመረመረው ደምመላሽ ብቻ ነው። የእሱና የሻምበል ደም ግን አልተስማማም። ጓደኞቹ እንኳን ደስ አለህ አሉት፤ እምቢ ያለው ደምህ ነው፣ አንተ ቃልህን ጠብቀሃል። እናቷን በልጅነቷ ያጣችው ሰገነትም በልቧ አምላኳን አመሰገነች።

ሐኪሙ ግን ሌላ መንገድ አለ አላቸው፤ የደምመላሽ ኩላሊት ለማያውቀው ሰው ይገባል፣ የዚያ ሰው ዘመድ ደግሞ ለሻምበል ይሰጣል።

ማታ ሰገነት ተቆጣች። «ዳዲ፣ ሪስክ አለው። ደግሞ ለስትሬንጀር ነው፤ አንተ የፎከርከው ለጋሼ ዓባይነህ ነው።»

«የፎከርኩት ከማሽኑ ላወጣቸው ነው። በየት በኩል እንደማወጣቸው አልተናገርኩም» አለ። ቆይቶም፣ «ካንቺ ሌላ የለኝም። አንቺ እምቢ ካልሽ እቀራለሁ» አላት።

እምቢ ማለት በአፏ ጫፍ ላይ ነበር። ቢቀር ማንም አይወቅሰውም። ግን በግጥሙ ሸሽተው ጫካ የገቡትንም እኮ ሲገቡ የወቀሳቸው የለም፤ ያፈሩት ሲመለሱ ነው። አባቷ ከሻምበል ፊት አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ታያት። በቀጠሮው ቀን ወደ ሆስፒታል መኪናውን የነዳችው እሷ ናት።

ሁለቱም ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ወጡ። በሁለተኛው ቀን ሻምበል የግሉኮስ መስቀያውን እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ የሆስፒታል ሸሚዝ እንደለበሱ ደምመላሽ ክፍል ደረሱ። ሊነሳ ሲሞክር በእጃቸው ከለከሉት። አልጋው ግርጌ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከዚያ ከተሰፋ ሆዳቸው በወጣ ቀጭን ድምፅ፣

«ዘራፍ፣ የደምመላሽ አሽከር!» አሉ።

አዛዥ በወታደሩ ስም ሲፎክር ሰገነት ሰምታ አታውቅም። ነርሷ ሕመም የጠናባቸው መስሏት እየሮጠች ገባች። ሰገነት በሩ ላይ አስቆመቻትና፣ እባክሽ ይጨርሱ አለቻት።