በሕግ አምላክ ያልኩባቸው ሜዳዎች

የመጀመሪያ ቀኔ ሰቆጣ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ሜዳ ላይ ነበር። የስፖርት መምህራችን ቁመቴን አየና "አንተ ተከላካይ ነህ" አለኝ። ተከላካይ ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው "በዚህ በኩል ማንም እንዳያልፍ" ብሎኝ ሄደ። ሥልጠናዬ ይኸው ነው።

ጨዋታው እንደ ተጀመረ ከደሃና ወረዳ የመጣ አንድ ጎረምሳ ኳሷን እየነዳ መጣብኝ። ምን ልሁን? አባቴ ከችሎት የማይጠፉ ሰው ስለነበሩ የማውቀው ማስቆሚያ አንድ ብቻ ነው። እጄን ዘርግቼ "በሕግ አምላክ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረምሳው ቀጥ አለ። ያኔ በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ሌባም ቢሆን፣ አንድ እርምጃ አይጨምርም። ኳሷን ወስጄ ለጋኋት።

መምህሩ ፊሽካውን እየነፋ መጣ። "ይኼ ኳስ ነው እንጂ ችሎት አይደለም!"

ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚያዩት የፍርድ ቤቱ ሹም ግራዝማች ብድግ አሉ። "መምህር፣ ሕግ እዚህ ሜዳ ላይ አይሠራም ነው የምትለው?"

መምህሩን ላብ አጠመቀው። "ኧረ ይሠራል ጌታዬ!"

"እንግዲያው ይቀጥል" ብለው ተቀመጡ።

በዚያች ጩኸት ዘጠኝ ዓመት እንጀራ በላሁ። ከሰቆጣ ኮረም፣ ከኮረም ወልድያ፣ ከወልድያ ጎንደር፣ ቡድን እየቀያየርኩ ተጫወትኩ። ወልድያ ላይ አንድ አጥቂ አስቁሜ ረስቼው፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ "አሁንስ ልሂድ?" ብሎ ልኮብኛል። እግሬ ግን አንድም ቀን ከሰው ኳስ ነጥቆ አያውቅም። ይኼን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያሳፍረኝም ነበር።

ዝናዬ ድንበር ተሻገረና ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለ የማሽላ ነጋዴዎች ቡድን አስጠራኝ። "ሰው አያልፈውም" ተብለዋል። እንዴት እንደማያልፈኝ የነገራቸው የለም። ስነሣ አባቴ "ለመሆኑ ኳስ ሥራ ነው?" ብለው ሸኙኝ።

በመጀመሪያው ጨዋታ "በሕግ አምላክ!" አልኩ፤ አጥቂው አለፈ። ጨንቆኝ በአገሬ በሰቆጣ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ጮህኩ፤ አለፈ። ለሚቀጥለው ጨዋታ ዐረብኛውን ከሻይ ሻጭ ተምሬ ብጮህ፣ አጥቂው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና ሰላም አለኝና አለፈ። በሁለት ጨዋታ ሰባት ጎል በእኔ በኩል ገባ።

አሠልጣኛችን ኢድሪስ ጠራኝ። "ለምንድን ነው የምትጮኸው?"

"ሰው ለማስቆም።"

"እግርህስ?"

ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁት።

"ዓርብ በአንተ በኩል ጎል ከገባ፣ ቅዳሜ ወደ አገርህ የሚሄድ ካሚዮን ላይ ነህ" አለኝ። አባቴ ፊት ተባርሬ ስቆም ታየኝ።

ዓርብ ዕለት የባላጋራችንን አጥቂ ሳየው አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። የአገሬ ልጅ! ኪሮስ ይባላል፣ የኮረም ሰው ነው። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ባዶ ለባዶ እንደሆንን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኪሮስ ኳሷን ይዞ መጣ።

"በሕግ አምላክ!"

ቀጥ አለ። ተመስገን! ኳሷን ልወስድ እግሬን ሳነሣ "የት ትሄዳለህ?" አለኝ። "ሕግ ጠርቶ መሄድ አለ እንዴ? ክሰሰኝ!"

ለካ የነገረ ፈጅ ልጅ ኖሯል። በዘጠኝ ዓመት ይኼን የጠየቀኝ አልነበረም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ሕግ የጠራ ከሳሽ ነው፣ ከሳሽም ተከሳሹን ጥሎ አይሄድም። እኔም ቆምኩ።

"ምን አጠፋሁ?" አለ ኪሮስ።

"ልታልፈኝ ነበር።"

"ሥራዬ ነው እኮ!"

"ያንተ ሥራ የኔን እንጀራ ይዘጋል!"

ኢድሪስ ከዳር ሆኖ በቆቡ መሬቱን ይደበድባል። ስንከራከር አንድ አጭር የነሱ ተጫዋች በመካከላችን ገባና፣ ይቅርታ እንኳ ሳይለን ኳሷን ወስዶ አገባት።

"ኪሮስ እኮ አላለፈኝም" አልኩት ኢድሪስን።

ቆቡን አራገፈና "እውነትህን ነው፣ አላለፈህም" አለኝ። ካሚዮኑ ግን ቅዳሜ ማለዳ ተነሣ።

ሰቆጣ ስደርስ አባቴ በረንዳ ላይ ነበሩ። አንገቴን ደፍቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝና "ልጁ ልክ ነው። ክሱን መጨረስ ነበረብህ" አሉኝ።

ለወጣት ተከላካዮች የምለው አንድ ነው። ኳስ በእግር መንጠቅን በመጀመሪያው ቀን ተማሩ። እኔ የተማርኩት ከገዳሪፍ ከተመለስኩ በኋላ፣ በሠላሳ ዓመቴ፣ ያው ሜዳ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ነው። የመጀመሪያዋን ኳስ በእግሬ የነጠቅኩ ቀን አልጮህኩም።