የማይታረድ በሬ

አባቴ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። አንድ ጊዜ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። እውነቴን ነው! ከሱባኤ እንደ ወጣ ሰው ፊቱ ቀልሎ፣ ዓይኑ ሩቅ ሩቅ እያየ። ለካ አንድ ባንክ ውስጥ ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ፋብሪካ ሲሸጡና ሲገዙ አይቷል። «ፋብሪካው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ወረቀቱ ብቻ ነው» ይላል። እናቴ በርበሬ እየቀነጠሰች «ምነው አንቱ፣ እዚያ ምን አጠጡዎት?» አለችው።

ነገሩን ለጎረቤት ያስረዳው በቅርጫ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ለፋሲካ አዋጥተው በሬ የሚያርዱ ስምንት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ የእኛ ነው። በሁዳዴ አጋማሽ ግቢያችን ሰበሰባቸውና «አክሲዮን ማለት ቅርጫ ነው» አላቸው። «ልዩነቱ በሬው አይታረድም። በቁሙ እንካፈለዋለን፣ እሱ በየዓመቱ ይወልድልናል።»

ከቅርጫ ማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ጠላ ሻጯ ባልቴት፣ ሳቅ አመለጣት። «በሬ ሲወልድ ገና ዛሬ ሰማሁ! ይሁን፣ እርስዎ ካሉ እናምናለን።» ያመኑት እሱን ነው እንጂ ወረቀቱንማ ማን አውቆት።

በዚያ ፋሲካ በሬ አልታረደም። መዋጮው አዲስ አበባ ደርሶ የጠርሙስ ፋብሪካ አክሲዮን ሆኖ ተመለሰ፤ በአባቴ ስም፣ ለስምንት ቤት። እኛ ልጆች ዶሮ ወጣችንን እየበላን የሌላ ሰፈር ጥብስ ሲሸተን ዋለ። አባቴን በሆዴ ረገምኩት፣ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን ሳስበው አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየኝ። አባቴ መንገድ ላይ ባዶ አረንጓዴ ጠርሙስ ካየ አያልፍም። አንስቶ በነጠላው ጫፍ ይወለውልና ወደ ፀሐይ ይዞት «ይቺ የእኛ ሳትሆን አትቀርም» ይላል። እኔም አንገቴን አስግጌ በጠርሙሱ ውስጥ አያለሁ፤ የደብረ ማርቆስ ቆርቆሮ፣ የገበያው አህዮች፣ ከጮቄ የሚወርደው ጉም፣ ሁሉም ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ተኝቼ ፋብሪካችንን አልም ነበር። አዲስ አበባን አይቼ ስለማላውቅ፣ የሕልሜ ፋብሪካ እንደ ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፣ ስምንት በር አለው፤ አንዱ በር የእኛ ነው። እንዴት ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ነበር! ዛሬም አንዳንድ ሌሊት ያ በር ይመጣብኛል።

አባቴ ጋዜጣ ጠብቆ የአክሲዮኑን ዋጋ ያነባል። ከፍ ሲል ባልቴቷ «በሬያችን ወፈረ?» ትለዋለች፤ ዝቅ ሲል «ምነው፣ ሣር አጣ?»። ትርፉ ሲመጣ ደግሞ ጉድ ነበር። እኩል እኩል ስምንት መደብ ይደለደልና እንደ ሥጋው ዕጣ ይጣልበታል። «እኩል አይደል እንዴ፣ ዕጣው ለምኑ ነው?» ብል እናቴ ተቆጣችኝ፤ ዕጣ ያልወጣበት ድርሻ አይባረክም አለች። እያንዳንዱ ቤት የየራሱ ምልክት አለው፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ። የአባቴ ምልክት አረንጓዴ የጠርሙስ ስባሪ ነበረች፣ ጠርዟ ድንጋይ ላይ ተፍቆ የለሰለሰ። ባልቴቷ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጥላ ምልክቶቹን በየመደቡ ታስቀምጣለች፤ ሲያልቅም ለቅማ በከረጢቷ ይዛ ትሄዳለች።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ፋብሪካው የመንግሥት መሆኑን ሬዲዮ ተናገረ። አባቴ ሬዲዮውን ዘጋና ወረቀቶቹን ከዳዊቱ ሥር አውጥቶ ብዙ ጊዜ አያቸው። ከዚያ በየቤቱ ዞሮ ራሱ ነገራቸው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ የገደለው ይሄ ነው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሩቅ ጎረቤት ካየ መንገድ ይቀይራል።

ፋሲካ ሲደርስ የተቀሩት ሰባቱ ቤቶች በሬ እንደገዙ ሰማን። እናቴ «መዋጮውን ላድርስ?» ብትለው «ተይኝ!» አለ። «ሰባት ቤት አምኖኝ ሥጋውን በወረቀት አስለውጬ፣ አሁን በምን ዓይኔ መደብ አጠገብ እቆማለሁ?»

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ከጎረቤት ግቢ ቢላዋ ሲሳል ይሰማል። እኔ ደጃፍ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለሥጋው አይደለም፣ ለእሱ ነው።

ረፋዱ ላይ ባልቴቷ በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ሰፌድ ይዛ ገባች። ቅጠሉን ገለጠችው። አንድ ሙሉ መደብ ሥጋ፣ ጉበቱም ጨጓራውም ሳይጎድል፣ አናቱ ላይ ያቺ አረንጓዴ ስባሪ ተቀምጣለች።

«እኔ እኮ አላዋጣሁም» አለ አባቴ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«እሱን ኋላ ይጨቀጭቁናል። ዕጣዎ ወጥቷል፣ ይነሱ» አለችው። «እኛ እንደሁ ሰባት መደብ መደልደል አናውቅበትም።»

አባቴ ተነሥቶ እጁን ታጠበ።