ስም ያጣሁለት ብርጭቆ

ኦስሎ ከተማ፣ ስቶቭነር ሰፈር ባለው ቤቴ የልብስ ማጠቢያው መኪና በኃይል መሽከርከር ሲጀምር፣ መደርደሪያው ላይ የቆመው ባለወርቅ ጠርዝ ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ስስ ድምፅ ያሰማል። ያኔ ደሴ፣ ከእናቴ ቡፌ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል፤ እኛ ልጆች በጣውላው ወለል ላይ ስንሮጥ ስድስቱ ብርጭቆዎቿ እርስ በርስ እየተነካኩ እንዲሁ ያቃጭሉ ነበርና።

አንድ የመከር እሑድ፣ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገችው የልጅ ልጄ ሊያ ስለ አንድ የቤት ዕቃ በእንግሊዝኛ እንድትጽፍ በትምህርት ቤት ታዝዛ፣ ያን ብርጭቆ መርጣ መጣች።

«አባባ፣ ለማሳመር ብቻ የሚቀመጥ፣ የማይሠራበት ዕቃ ምን ይባላል? ኒክናክ?»

«እሱ ኮተት ማለት ነው።»

«ትሪንኬት?»

«እሱም ርካሽ ጌጥ ነው።»

«በቃ፣ ኦርናመንት፤ ማስጌጫ!»

«ኔይ፣ አይሆንም» አልኳት በኖርዌይኛ ጀምሬ።

ሳቀች። «ዕድሜህን ሙሉ መዝገበ ቃላት ስትሠራ ኖረህ አንድ ቃል አጣህልኝ?»

የትኛውም ቃል ቢጻፍ እናቴን የከንቱ ነገር ሰብሳቢ እንዳያስመስላት ፈርቼ ነበር፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ለማንም ያልተነፈስኩትን መናገር ነበረብኝ። በመጨረሻ ነገርኳት።

ክረምት ሲገባ እናቴ እርጥበቱ እንዳያደበዝዛቸው ብርጭቆዎቹን በየሳምንቱ ትወለውል ነበር፤ ለዘመን መለወጫ አውጥታ፣ አጥባ፣ አድርቃ፣ አንድም ሰው ሳይጠጣባቸው ወደ ዳንቴላቸው ትመልስና የቡፌውን ቁልፍ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥር ነበር። መምህር የነበሩት አባቴ «የማይጠጣበት ብርጭቆ ምን ይሠራል?» እያሉ ሲተርቧት፣ ቀና ሳትል «እርስዎስ ያን ሁሉ መጽሐፍ ይበሉታል?» ትላቸው ነበር።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ በጋ አባቴ ታመው ተኙ። አንድ ከሰዓት በኋላ ውኃ ጠይቀው በጣሳ ይዤላቸው ስገባ፣ እናቴ ከበሩ ላይ መለሰችኝ፤ መቀነቷን ፈትታ ቡፌውን ከፈተችና ውኃውን ከባለወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎቹ በአንዱ ውስጥ ገለበጠችው።

«ዛሬ እንግዳ ሆንኩ እንዴ?» አሏት በደከመ ድምፅ።

«ይጠጡበት» አለቻቸው።

ግማሹን ጠጡ። የካቲት ሳይወጣ አረፉ። እናቴ አምስቱን ብርጭቆዎች እንደ ወትሮው ስታጥብ ኖራ፣ እኔ አገር ጥዬ ስወጣ አባቴ የጠጡበትን ስድስተኛውን በነጠላዋ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ሊያ እስክጨርስ ስልኳን አላነሣችም። ከዚያም፣ ቀደም ብላ የጻፈችውን ሰርዛ፣ በእንግሊዝኛ «የአያቴ አባት አንድ ጊዜ ውኃ የጠጡበት ብርጭቆ» ብላ ጻፈች። ቀጥላም ቀስ ብላ «እኔስ ልጠጣበት?» አለችኝ፤ ቀዳሁላት።

በእናቴ ቤት ቡፌው ይቆለፍ ነበር፤ እዚህ መደርደሪያው በር እንኳ የለውም። ሊያ እሑድ እሑድ በመጣች ቁጥር ውኃ የምትጠጣው በዚያው ብርጭቆ ስለሆነ፣ የወርቁ ጠርዝ ከንፈሯ በሚያርፍበት በኩል መሳሳት ጀምሯል። አያለሁ፤ አልከለክላትም።