እማዬ ያልቆመችበት ዙር

በቀደም የጎፋን ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱን የጋለ ፍሬን ሽታ ሞላው። ወዲያው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

እማዬ በመኪና ትወዳደር ነበር። ያን ቀን የመጨረሻውን መስመር አንደኛ ሆና ስታልፍ አባዬ ትከሻ ላይ ሆኜ ጮህኩ። እሷ ግን ሳትቆም፣ ፍሬኗ እየጨሰ አለፈችን።

"ፍሬን እምቢ አላት!" ብዬ አለቀስኩ።

"አይዞሽ፣ ፍሬኑን ንፋስ እያስመታችው ነው" አለኝ አባዬ። እኛን የሚያሳምመን ንፋስ ፍሬንን እንዴት እንደሚያድን አልገባኝም።

እማዬ ቀስ ብላ ዞራ መጣች። "እንደጋለ ካቆምኩት የፍሬኑ ዲስክ ይጣመማል" አለችና ሄልሜቷን አጠለቀችልኝ። "ገና አልበረደም፤ ነይ ግቢ!"

ሕዝቡ እያጨበጨበ፣ እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እየጮህኩ፣ አብረን ዞርን።

ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት እናት "ምነው ልጄ?" አሉኝ።

"እናቴ አሸንፋ ነው" አልኳቸው።