ሐጂን ሱዳናዊ ያደረግሁበት ቀን

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነበር። አንድ የጎንደር ሰሊጥ አጫጅ ተይዞ መኮንኑ በዐረብኛ ይጮህበታል፤ እሱ በአማርኛ ይምላል። ለሁለቱም ተረጎምሁላቸው። መኮንኑ "የት ተማርህ?" አለኝ። "ጭነት መኪና ላይ" አልሁት። እውነቴን ነው፤ ቋንቋውን ከሾፌሮች፣ ፊደሉን ከሱቅ ሰሌዳ ለቀምሁት። ከዚያ ወዲህ በገዳሪፍ ከእኔ የተሻለ ተርጓሚ አልተገኘም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ቀድሜ የምለው ግን እኔ ነኝ።

ተርጓሚ ከሁለቱ መሀል ትንሽ ወደ ኋላ ይቆማል። ስድቡንም ልመናውንም ሳይቀንስ ያሻግራል። ከዚያ ዝም ይላል። እኔን የከበደኝ ዝምታው ብቻ ነው።

የጃሊያችን፣ ማለት የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን፣ ሊቀ መንበር ሐጂ ኑሩ ነበሩ፤ የመተማ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ። በድምፅ የመረጥናቸው ናቸው። ሌላ ምርጫ ሲቃረብ ወሬ ተነሣ። ሐጂ የተወለዱት እዚሁ ሱዳን፣ መፋዛ ነው፣ ሱዳናዊ ናቸው፣ የዜግነት ወረቀታቸውን ትራስ ውስጥ ሰፍተውታል ተባለ። ትራሱን ያየ አልነበረም። ያልሰማም አልነበረም።

በመከሩ መሀል ኬሻ የሚሉት አፈሳ መጣ። ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን አጫጆች አፈሰ፤ ከሰዓት በኋላ በገላባት በኩል ድንበር ሊያሻግራቸው ነው። ሐጂ ዋስ ሊሆኑ፣ እኔ የእስረኞቹን ቃል ልተረጉም ተነሣን። የማኅበሩን ግቢ በር ግን ሰው ዘጋው። ከፊት የቆመው ደምሴ የሚባል ጫኝ ነው።

"ሱዳናዊ ስለ እኛ አይናገርም!"

የሐጂ አክስት ወይዘሮ ዘይነባ ለጥየቃ መጥተው ነበርና አስጠራኋቸው። "እትብቱን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ መተማ፣ እናቱ ቤት" አሉ።

ደምሴ ሣቀ። "እትዬ፣ ዛሬን ጠብቀው ከየት ብቅ አሉ?"

"ወር ሆነኝ! ጓዜን ከመኪና ያወረድህልኝ አንተ አይደለህም?"

"ይኸው! ከወር በፊት ነው ያዘጋጇቸው!"

ሰዉ አጨበጨበ። ከጣቢያው በኩል የመኪና ሞተር ሲነሣ ሰማን። ባሏ የታሰረባት ሴት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ወደ ፊት ወጣሁ። "እሺ፤ ሐጂ ሱዳናዊ ናቸው!" አልሁ።

"አያ በላይ፣ ምን ነካህ?" አሉኝ ሐጂ።

"ትራሱንም አይቻለሁ። ታዲያ መኮንኑ ማንን ይሰማል? ደምሴን ነው ወይስ የአገሩን ልጅ?"

ደምሴ ግራ ቀኙን አየና "ምን ትገተራላችሁ? አሳልፏቸው እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

ስንደርስ እስረኞቹ መኪና ላይ ተጭነዋል። መኮንኑ ሐጂን "ታውቃቸዋለህ?" አላቸው። "የአገሬ ልጆች ናቸው" አሉ ሐጂ በዐረብኛ። ፈረሙ፤ ሞተሩ ጠፋ። አንዱ አጫጅ ከመኪናው ሲወርድ ለጓደኛው "ዐረብኛቸውን ሰማህ? የመፋዛ ልጅ ናቸው" አለው።

በምርጫው ሐጂ ወደቁ። ካስፈቷቸው ሰዎች ውስጥ እንኳ እጅ ያወጣላቸው ጥቂት ነው። በሱቃቸው በኩል ሳልፍ "አያ በላይ፣ ና ግባ፤ መፋዛ ድረስ የሸኘኸኝ አንተ ነህ" ይሉኝ ነበር፤ እየሣቁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ለአዲስ ተርጓሚዎች የምለው ይህ ነው። ሰው ስለ ሌላው ሰው ትውልድ ሲከራከር ምስክር ፍለጋ አትሩጡ። የሚፈታ እስረኛ ካለ እሱን አስፈቱ። ወሬውም አብሮት እንደሚፈታ ግን እወቁ።