አውራ ጣቴ እስክትነቃ

መጀመሪያ የጠፋብኝ የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ነው። ጠዋት ደሴ ሰኞ ገበያ ቅመሜን ዘርግቼ ተቀምጬ፣ እንደ ልማዴ ለደንበኛዬ ላሳያት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ቆንጠር አድርጌ አነሳሁ። ያነሳሁ መሰለኝ እንጂ አላነሳሁም። ጣቶቼ ባዶ ነበሩ። ደግሜ ሞከርኩ። ፍሬው በጣቶቼ መሃል ይኑር አይኑር በዓይኔ ካላየሁ በቀር ማወቅ አቃተኝ። የሌላ ሰው እጅ ተውሼ የመጣሁ ይመስል ነበር። ያውም ቀኝ እጄ፤ የምበላበት፣ የምሠራበት፣ ቅመሙ ንጹሕ መሆኑን አሽቼ የምለይበት እጄ።

ይህን የምጽፈው ካቴና እጁን ላደነዘዘበት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድና ሁለት እንዳልሆነ ሆስፒታል ወረፋ ስጠብቅ ሰምቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ቀን ነው። ወርቄ አጠገቤ ሽንኩርት ትሸጣለች። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ እዚያው ገበያ ላይ አብረን ያረጀን ጓደኛሞች ነን። አንድ ወጣት ፖሊስ መጣና መንገድ ዘግተሻል ብሎ ሚዛኗን አነሳ።

«ልጄ፣ መንገድ ዘግታ ከሆነ ፈቀቅ በይ በላት» አልኩት። «ሚዛኗን ግን በምን ሕግ ትወስዳለህ?»

«አንቺ ምን አገባሽ አሮጊት!»

«አጠገቧ ተቀምጬ እያየሁ እንዴት አያገባኝም?»

ካቴናውን አውጥቶ ያሰረኝ ያን ጊዜ ነው።

ጠበቀ። «ላላ አድርግልኝ» አልኩ። አላላልኝም። ጣቢያ ገባን። ለምን እንደተያዝኩ ጠየቅሁ። አልነገሩኝም። ለልጄ ይደወልልኝ አልኩ። አልደወሉም። የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር አዛን ተሰማ። ለሶላት ልታጠብ፣ ውዱእ ላድርግ፣ ፍቱኝ አልኩ። አልፈቱኝም። እጄ መጀመሪያ ነደደ። ከዚያ ጉንዳን እንደወረረው ሆነ። ከዚያ ዝም አለ። መጥፎው ዝምታው ነው። እኔ ግን አልገባኝም፤ ተሻለኝ ብዬ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ሌላ ፖሊስ መጣ። ፈታኝ። «ሂጂ» አለኝ። ለምን እንደገባሁ እንዳልነገሩኝ ሁሉ፣ ለምን እንደወጣሁም አልነገሩኝም። ወርቄ ለልጄ ለራህመት ደውላላት ኖሮ፣ ራህመት ከኮምቦልቻ ስትበር ወጥታ፣ ጣቢያው «እዚህ የለችም» ሲላት ሆስፒታሉን ሁሉ ስትዞር ውላለች። እናቷን በሬሳ ክፍል ጭምር ጠይቃለች። እስከ ዛሬ ከእጄ በላይ የሚያመኝ ይኼ ነው።

አሁን የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። ደሴ ላይ የሰው እጅ ከደነዘዘ ጥፋተኛው ሁልጊዜ ብርድ ነው። እኔም ወርቄም ሌላ ነገር አላሰብንም። ካቴናው ከወጣ በኋላ ካቴናው ያደርገዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጥቁር አዝሙዱ በጠፋብኝ ዕለት ማታ ወርቄ ጨው በምጣድ አግላ፣ በጨርቅ ቋጥራ የእጄ ጀርባ ላይ ጫነችው።

«አቃጠለሽ?»

«ኧረ ምንም።»

«ብርዱ ጠንክሯል ማለት ነው። ትንሽ ይጋል።»

እንዲህ እየተባባልን እጄን ጠበስነው። ሲነጋ ባቄላ ባቄላ የሚያህል ውኃ ቋጥሮ አገኘነው። ወርቄ ጭንቅላቷን ይዛ ጮኸች፤ እኔ ግን የፈራሁት ቁስሉን አይደለም። እንዲህ ተቃጥሎ አለማመሙን ነው። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሄድን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችኝና እጄ ላይ ጥጥ ማስኬድ ጀመረች።

«አሁንስ?»

«መቼ ነካሽኝ?»

«እማማ፣ ሦስቴ ነካሁዎት።»

ከዚያ አውራ ጣቴንና ትንሿን ጣቴን አጋጥመው ይያዙ አለችኝና በአንድ ጣቷ ለያየቻቸው። ልጅ ከልጅ ትግል ገጥሞ እንኳ እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም። ዓይኔን ስገልጥ ወረቀቷን ትታ እኔን ነበር የምታየው።

«ራዲያልና ሚዲያን የሚባሉ ሁለት ነርቮች አሉ» አለች። «ካቴናው አንጓዎ ላይ ጨፍልቋቸዋል። አልተቆረጡም፤ ይኼ ደስ የሚል ነው። ግን ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ በወር የአውራ ጣትዎን ውፍረት ያህል ነው የሚሄደው። ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ምን ያህሉ እንደሚመለስ ግን አልምልልዎትም። ደግሞ ይኼኛው ቁስል የካቴና አይደለም።»

«እሱ የወርቄ ነው» አልኳት።

ወርቄ በሩ ላይ ቆማ «እኔ በምን አውቄ!» ስትል ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ያ ሳቅ ነው መጀመሪያ ያዳነኝ።

ቁስሉ በየቀኑ ታጥቦ ዳነ። ሙቅ ነገር በቀኝ እጄ እንዳልነካ፣ ውኃውን በግራዬ እንድለካ አስጠነቀቀችኝ። ሰው ሁሉ የሚመክረኝን የቫይታሚን መርፌ ስጠይቃት፣ የቫይታሚን እጥረት የለብዎትም፣ የተጨፈለቀ ነርቭ በመርፌ አይፈጥንም አለች። ነርቩን ሥራ የሚያለማምድ ፊዚዮቴራፒ አዘዘችልኝ፤ ራህመትም እሱ የሚሰጠው ቤቴ አጠገብ ነው ብላ ወደ ኮምቦልቻ ወሰደችኝ።

ከመውረዴ በፊት ግን ፖሊስ ጣቢያው ቅሬታ የሚሰማበት ክፍል ገባሁ። የተቀመጠው ሰውዬ ትሑት ነበር።

«እማማ፣ ምን እንዲደረግልዎ ነው የሚፈልጉት?»

«ለምን ታሰርኩ? ለልጄ ለምን አልተነገራትም? ካቴናው ለምን አልላላም? እነዚህን መልሱልኝና እሄዳለሁ።»

ጥያቄዬን መዝገብ ላይ ጽፎ «ሌላ ቀን ይመለሱ» አለኝ። ስለዚህ ከኮምቦልቻ እየወጣሁ ተመላለስኩበት። ሰው የሚታሰርበት ምክንያት ሊነገረው፣ ቤተሰቡም ያለበትን ሊያውቅ እንደሚገባ ለማወቅ ብዙ ትምህርት አይጠይቅም። እየዋለ ሲያድር የበሩ ዘበኛ ከሩቅ ሲያየኝ ወንበር ማውጣት ጀመረ።

ኮምቦልቻ ላይ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሩዝ አቀረበልኝ። ውስጡ ቁልፍ፣ አዝራርና ሽምብራ ደብቋል። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብቻ ፈልጌ ላወጣ ነው።

«ነርቩ እየመጣ ነው» አለኝ። «እስኪደርስ ድረስ ጣትዎ ሥራዋን እንዳትረሳ ነው የምናስታውሳት።»

መጀመሪያ ከሩዝ በቀር ያወጣሁት ነገር የለም። እናደዳለሁ፣ እሱ ይስቃል፤ እሱ ሲስቅ እኔም እስቃለሁ።

አስታራቂ ሽማግሌዎች የመጡት በዚህ መሃል ነው። ሸህ እንድሪስ፣ ከኮምቦልቻ በታች ያለችው የሐርቡ ከተማ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ራህመት ቤት ገቡ። ያሰረኝ ፖሊስ ያለ ደንብ ልብሱ በሩ ጥግ ቆሟል። ልብሱን ሲያወልቅ ለካ ገና ልጅ ነው።

«ሀዋ፣ ይኼ ልጅ የሐርቡ ልጅ ነው» አሉ ሸህ እንድሪስ። «እናቱ እህል አልበላም ብላለች። ለአላህ ብለሽ አፉ በይው።»

እኛ ዘንድ አፉ ማለት ይቅር ማለት ነው፤ በአላህ ስም ሲጠየቁ እምቢ ማለት ይከብዳል። እኔም ቂም ይዤ መኖር አልፈልግም።

«አፉ ብያለሁ» አልኩ።

ደስ አላቸው። «በል ና፣ ቀኝ እጇን ጨብጥ» አሉት። እርቅ የሚታሰረው በቀኝ እጅ ነው። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ። እኔ የእኔን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ምነው ሀዋ?»

«አፌ አፉ ብሏል። እጄ ግን እዚህ የለችም። እሱ ቢጨብጠኝ እኔ አልሰማውም፤ የማልሰማውን እርቅ አላስርም። እጄ ስትመለስ ይጨብጣታል። የሚጨብጣትም እዚህ ጓዳ ውስጥ ሳይሆን ሰኞ ገበያ፣ ባሰረኝ ቦታ፣ በቀን ነው። ጣቢያው ላይ ያስገባሁትን ክስም አላነሳም።»

«ታዲያ ይኼ ምኑ አፉ ነው?»

«ሸኬ፣ እሱን አፉ ብያለሁ። ጣቢያው ግን የጠየቅኩትን ይመልስ።»

ሸህ እንድሪስም «እጅሽ መቼ ነው የምትመለሰው?» አሉ።

«ሐኪሟ ነርቭ በወር አንድ አውራ ጣት ነው የሚሄደው ብላለች።»

የራሳቸውን እጅ ዘርግተው፣ ከአንጓቸው ጀምረው በአውራ ጣታቸው እየለኩ ወደ ላይ ወጡ። ጫፍ ሲደርሱ ደነገጡ።

«ያ ረቢ! ይኼማ እስከ መውሊድ ሊሄድ ነው!»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ሸህ እንድሪስ ኮምቦልቻ በመጡ ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት አውራ ጣቴን ሆነ። የልጁ እናት ከሐርቡ ፓፓያ ትልክልኛለች። ልጁ ራሱ እየደወለ «እማማ፣ አንቱ፣ ጣትዎ እንዴት አደረች?» ይላል፤ ራህመት ስልኩን ስታቀብለኝ «አማችሽ ነው» እያለች ታበሽቀኛለች። በሐርቡ መስጊድ ዱዓ የተደረገላት ጣት የእኔ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ባለሙያው አንጓዬን በጣቱ ጫፍ መታ መታ ሲያደርግ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት ወደ ላይ ይሮጣል፤ ቲኔል ይሉታል፤ የሚነዝርበት ቦታ ከወር ወደ ወር ወደ ጣቴ ሲጠጋ በእስክሪብቶ ምልክት እያደረገ ያሳየኝ ነበር፣ እኔም ምልክቱን ለሸህ እንድሪስ አሳያለሁ፣ እሳቸውም ሐርቡ ወርደው ለአገሩ ያወራሉ።

አንድ ጠዋት ሻሼን አስሬ በመርፌ ቁልፍ ላያይዝ ስል ጮኽኩ።

«ወጋኝ! አልሃምዱሊላህ፣ ወጋኝ!»

ራህመት ከጓዳ ሮጣ መጣች። እኔ ጣቴን ደግሜ ወጋሁ፤ አመመኝ፤ አለቀስኩ፤ በደስታ ሦስተኛ ልወጋ ስል መርፌውን ነጠቀችኝ። «እማ፣ አበድሽ?» አለችና እሷም አለቀሰች። በዚያ ሳምንት ከሩዙ ውስጥ ሽምብራውን አወጣሁ፤ አዝራሩን አወጣሁ፤ በመጨረሻ ባለሙያው ረስቶት የነበረ አንድ የምስር ክክ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

ቀን ቆረጥን። ሰኞ ገበያ ላይ ልጁ ደንብ ልብሱን ለብሶ፣ የወርቄን ሚዛን ተሸክሞ መጣ፤ አለቃውም አብሮት ነበር። ሸህ እንድሪስ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው እንደ ሠርግ ቀን ፊት ፊት ይሄዳሉ። ገበያው ሥራውን ትቶ ከበበን።

ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። «እማማ ሀዋን ያለ ጥፋታቸው አስሬአለሁ። ካቴናውን እንዳላላ ለምነውኝ እምቢ ብያለሁ። ጥፋቴ ነው። አፉ ይበሉኝ።»

አለቃው ቀጠለ። የታሰርኩበት ምክንያት እንዳልነበረ፣ ለልጄ ሊነገራት ይገባ እንደነበር፣ ልጁም ሆነ በዚያ ቀን ተረኛ የነበረው ኃላፊ መቀጣታቸውን ተናገረ። ስጠይቅ የከረምኩትን በሰው ፊት መለሰልኝ።

ያን ጊዜ ቀኝ እጄን ከነጠላዬ አወጣሁ። ጨበጠኝ። ሰማሁት፤ መዳፉ ላብ አጥምቆታል። ባለሙያው እንዳስተማረኝ አጥብቄ ያዝኩ። አሁንም አጠበቅሁ።

«እማማ… ትንሽ ላላ ያድርጉልኝ!»

ወዲያው አላላሁለት። «አየህ? ሲጠየቅ እንዲህ ይላላል» አልኩት።

ገበያው በሳቅና በእልልታ ተደበላለቀ። ልጁም ፊቱ ቀልቶ ሳቀ። ወርቄ ብቻ አልሳቀችም፤ ሚዛኗን እያገላበጠች «ጣቢያ ከርሞ ከስቷል» ትላለች።

ያቺን ሐኪምና የኮምቦልቻውን ባለሙያ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ራህመትንና ወርቄን ማመስገን ራሴን እንደ ማመስገን ነው። ሸህ እንድሪስን የማመሰግነው ስላስታረቁኝ ብቻ ሳይሆን ስለጠበቁኝ ነው፤ ሌላ ሽማግሌ ቢሆን ተቆጥቶ ይሄድ ነበር።

እናንተ ደግሞ፣ ከካቴና በኋላ እጃችሁ ዝም ካለ ተሻለኝ አትበሉ፤ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የሆነውንም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ሐኪሙ የሚያውቀው ስትነግሩት ነው። የደነዘዘ እጅ እሳት አታስነኩ። ይቅርታ ስትጠየቁ ይቅር በሉ፤ ሲቸኩሉባችሁ ግን አትቸኩሉ፤ ይቅርታችሁን ሰጥታችሁ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ መቆየት ትችላላችሁ። እኔ ሁለቱንም ይዤ ቆይቻለሁ፤ አልከበደኝም።

የእጄ ጀርባ ላይ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ የአዝራር ያህል ቦታ እስካሁን አልተመለሰችም። ሐኪሟ ምናልባት እንደዚሁ ትቀር ይሆናል አለችኝ። እኔ ግን በየጠዋቱ በጥጥ እየነካሁ እጠይቃታለሁ። እስክትመልስልኝ ድረስ እጠይቃታለሁ።