የእትዬ ኦብሴ ተራ

ገዲሴ ጀሞ ውስጥ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ጋዝ ትሸጣለች። ሱቋ ያለችበት ቦታ ድሮ የአባቷ የጤፍ ማሳ ነበር። ጋዝ ሲጠፋ ደጇ ላይ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ባዶ ሲሊንደር ነው። ባለቤቶቹ አንገቱ ላይ ምልክት አስረው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ሰልፉ ረዘመ።

«ደብቀሽው ነው አይደል?» ይላታል የሚኒባስ ሹፌሩ ጌቱ ባለፈ ቁጥር።

«አዎ፣ አልጋዬ ሥር ነው። ና ጎትተህ አውጣው!»

መልሳ ደግሞ ታስረዳዋለች። ጋዙስ ወደብ ደርሷል፤ ማጠራቀሚያውም ሞልቷል። ጋዝ የሚጭኑት የባቡር ፉርጎዎች ግን ጥቂት ናቸው። እነሱ ተራግፈው እስኪመለሱ ማጠራቀሚያው አይጎድልም፤ ተከታዩ መርከብም የሚያራግፍበት አጥቶ ባሕር ላይ ይቆማል።

«በለው! መርከቡም ተሰልፏላ!» ይላል ጌቱ።

ሻሽ የታሰረበት ሲሊንደር ከሱቋ በላይ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሚኖሩት የእትዬ ኦብሴ ነበር። ራሳቸው አስረውት ሄዱ፤ ሰልፉ ሳይነቃነቅ ታመው አረፉ። ለቀስተኛው ሲበተን ባለቤታቸው ጋሽ ቀጄላ ብቻቸውን ቀሩ። ጠዋት ጠዋት አንዲት ዳቦ በፌስታል ይዘው ሲያልፉ ገዲሴ ታያቸዋለች። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ እንዴት ሊከርሙ ነው እያለች ትጨነቃለች።

አንድ ቀን መጥተው ሲሊንደሩን ከሰልፉ ያወጡ ጀመር።

«ምነው ጋሽ ቀጄላ?»

«ተራዋን ለሌላ ስጪው፣ ልጄ። እሷ የለችም።»

«ተራው የሲሊንደሩ ነው እንጂ የሰው አይደለም። የዚህ ደጅ ሕግ ነው።»

ጌቱ ከሚኒባሱ ወርዶ ሲሊንደሩን ከእጃቸው ተቀበለና ቦታው መለሰው። «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ካፈረሱማ እኔም ከፊት መግባቴ ነው!»

ጋዙ የመጣ ዕለት ለሰልፉ እኩሌታ ብቻ በቃ። የእትዬ ኦብሴ ተራ ግን ደረሰ። ገዲሴ ባዶውን ሲሊንደር ጋዝ በሞላ ሲሊንደር ለወጠች፤ ጌቱን አሸክማ ወደ ጋሽ ቀጄላ ቤት ደረጃውን ወጣች። የጋዙን ጎማ ከምድጃው ጋር ገጥማ፣ እንዳያፈስ በሳሙና አረፋ ፈተሸችው።

«ይለኩሱት እንግዲህ።»

ጋሽ ቀጄላ ምድጃውን አዩት። «እኔ እኮ ለኩሼ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጋዙን ከፈቱና ክብሪት ይፈልጉ ጀመር።

ገዲሴ ቶሎ ብላ ዘጋችው፤ መስኮቱን ከፍታ ሽታው እስኪወጣ ጠበቀች። «መጀመሪያ ክብሪቱን ነው፤ ጋዙ ይከተላል።»

ሁለተኛው ሙከራ ያዘ። ጋሽ ቀጄላ እጃቸውን ሰብስበው ሰማያዊውን እሳት ሲያዩ ቆዩ።

«ምን ልጣድ?» አሏት።

«ለጊዜው ውሃ ይጣዱ። የቀረውን አብረን እናያለን።»